በመስቀል ሰሞን ዲሹን የሚያጠፋው ማነው? የሬዲዮ ሰማይ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ከዋክብትና ጋላክሲዎች የሬዲዮ ሞገድ እንደሚለቁ ጽፈን ነበር። በሰማይ ላይ በሬዲዮ ከሚደምቁት አንዱ የሆነው ካሲዮፒያ ኤ (የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ) "ወደ 2,280 ጃንስኪ" ነው ብለን አልፈናል። ማለፋችን ስህተት ነበር። ግማሹ አንባቢ "ጃንስኪ ደግሞ ምንድነው?" አለን፣ ሌላው "ቁጥራችሁ የተሳሳተ ነው" አለን። አንድ ሰው ደግሞ ስለ ዲሹ ጻፈልን። ከእሱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ሳያውቀው የሁሉንም ጥያቄ መልስ በሩን ከፍቶልናል።

ጥያቄ፦ ከመስከረም 14 ወይም 15 ጀምሮ ቲቪያችን በየቀኑ ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ዝናብ የለም፣ ደመና የለም። ባለቤቴ "አንተ ነካክተኸው ነው" ትላለች። ዲሽ ሰሪ ጠርቼ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለውን መቀበያ) ቀየረልኝ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድጋሚ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ ራሱ ተሻለው። ዲሹ የዞረው ወደ ናይልሳት ነው። (ከባሕር ዳር)

ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፣ እርስዎ ንጹህ ነዎት። የኤልኤንቢው ብርም በከንቱ ሄዷል።

ያጠፋው ፀሐይ ናት። ሳተላይቱ ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚያስተላልፈው። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከእኛ አገር ሲታይ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ፣ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ያኔ ዲሽዎ ሳተላይቱን ሲያይ ፀሐይንም አብሮ ያያል። ናይልሳት ወደ ምዕራብ ስለሆነ ለእርስዎ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ዲሹን ወደ ምስራቅ ያዞረ ጎረቤት ካለዎት የእሱ ረፋድ ላይ ነው የሚጠፋው። ነገሩ ጥቂት ቀን ይቆይና ፀሐይ ከመስመሩ ስትወጣ ያልቃል።

የሳተላይቱ ጉልበት ቅንጣት አልቀነሰም። የጨመረው ጫጫታው ነው። ፀሐይ በብርሃን ብቻ ሳይሆን በሬዲዮም ታበራለች፣ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ላይ ደግሞ ጫጫታውን አምስትና ስድስት እጥፍ ታደርሰዋለች። በገበያ መሀል የሚያንሾካሹክ ሰው ነው የሆነብዎት፣ ሰውየው ድምፁን አልቀነሰም፣ ገበያው ነው የደመቀው።

በመጋቢት አንድ ነገር ይሞክሩ። ቲቪው ሲጠፋ የሪሲቨሩን የሲግናል ገጽ ይክፈቱና ሁለቱን መስመሮች ይመልከቱ። "ኳሊቲ" የሚለው ወደ ዜሮ ይወርዳል። "ስትሬንግዝ" የሚለው ግን በብዙ ሪሲቨሮች ላይ አይወርድም፣ እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። ምክንያቱም እሱ የሚለካው የመጣውን ጉልበት በጠቅላላ ነው፣ ከሳተላይት ይምጣ ከፀሐይ አይለይም። ሬዲዮ ቴሌስኮፕም በመሠረቱ ይኸው መስመር ነው፤ ልዩነቱ በጣም ጥንቃቄ የተሞላበት መሆኑ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጃንስኪ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ኪሎ እንደሚባለው በሚገባኝ ነገር ንገሩኝ። (ከሐዋሳ)

ጃንስኪ የሰው ስም ነው። ካርል ጃንስኪ ኒው ጀርሲ፣ ሆልምዴል በነበረው የቤል ቤተ ሙከራ ጣቢያ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ሥራው የሰማይ ጥናት አልነበረም። አትላንቲክን በሚያቋርጠው የሬዲዮ ስልክ ላይ ምን ዓይነት ጫጫታ እንደሚገባ አጣራ ተባለ፣ አጣራ። በመኪና ጎማ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሠርቶ በ20.5 ሜጋኸርዝ ያዳምጥ ጀመር። የቅርብ መብረቅ አገኘ፣ የሩቅ መብረቅ አገኘ፣ ከዚያ ምንጩ የማይታወቅ አንድ የማያቋርጥ ሽሽሽታ አገኘ። ይህ ሽሽሽታ በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል። ይህቺ 4 ደቂቃ ናት ሁሉን ነገር ያወጣችው። ፀሐይ በ24 ሰዓት ትመለሳለች፣ ከዋክብት ግን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። ስለዚህ ነገሩ ከፋብሪካም ከፀሐይም አይደለም፣ ከከዋክብት መሀል ነው፣ ከራሳችን ጋላክሲ። በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ አደረገው። በ1950 በ44 ዓመቱ ሞተ፣ መለኪያው በስሙ እንዲጠራ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው በ1973 ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የዝናብ መጠን ሲነገር "በርሜሌ ሞላ" አይባልም፣ በርሜሉ ሰፊ ይሁን ጠባብ ማን ያውቃል። በሚሊ ሜትር ይነገራል፣ ያኔ የእኔም የአንተም በርሜል አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ጃንስኪም እንደዚያ ነው። የዲሹ ስፋት አያገባውም፣ ሪሲቨሩ ምን ያህል የድግግሞሽ ክልል እንደሚቀበልም አያገባውም። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ፣ በእያንዳንዱ ኸርዝ ውስጥ ስንት ዋት ወረደ? ያ ነው ጥያቄው። 1 ጃንስኪ ማለት ከነጥብ በኋላ 25 ዜሮ ደርድረህ 26ኛው ላይ 1 ስትጽፍ የምታገኘው ዋት ነው።

ይህ ለማንም አይገባም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አሰላሁ። 3 ሜትር ዲሽ ወስደን ወደ ካሲዮፒያ ኤ እናዙር፣ 10 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ክልል እንቀበል። 2,280 ጃንስኪ ነው፣ በሰማዩ መመዘኛ ኃይለኛ ነው። ከዲሹ የሚገባውን ጉልበት ምንም ሳናባክን ብናጠራቅም፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃው ተጠራቅሞ የሚገኘው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ነጭ ጤፍ ይሁን ቀይ ጤፍ ለውጥ የለውም።

በዚህ ላይ ካሲዮፒያ ኤ ከጎበዞቹ ነው። በ1 ጊጋኸርዝ ላይ ሲለካ ሲግነስ ኤ የሚባለው ሩቅ ጋላክሲ ወደ 2,240 ጃንስኪ ነው፣ ክራብ ኔቡላ የሚባለው ሌላ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ወደ 900፣ በ2019 የጥቁር ጉድጓዱ ምስል የወጣለት ኤም87 የሚባለው ጋላክሲ ወደ 280። ፀሐይ ደግሞ በጸጥታዋ ቀን እንኳ፣ በ10.7 ሳንቲ ሜትር ሞገድ፣ ወደ 700 ሺህ ጃንስኪ። የባሕር ዳሩ ወንድማችን ቲቪ ለምን እንደጠፋ ከዚህ ይታያል። የፀሐይን ይህንን ቁጥር ካናዳውያን ከ1947 ጀምሮ በየቀኑ ይለኩታል፣ ዛሬም አላቆሙም።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪዎች ነን። 3 ሜትር የሆነ አሮጌ ዲሽ፣ አንድ ማጉያና ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ርካሽ ሪሲቨር አለን። ካሲዮፒያ ኤን ለክተን በጃንስኪ ማውጣት እንችላለን? ከየት እንጀምር? (ከአዳማ)

ትችላላችሁ። ግን ካሲዮፒያን ለጊዜው እርሷት። የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳና ሰማይ ነው።

መሐንዲሶች ጫጫታን በኬልቪን ይቆጥራሉ፣ ማለትም በሙቀት። ሞቅ ያለ ነገር ሁሉ የሬዲዮ ጫጫታ ስለሚለቅ ነው፤ አፈሩም፣ ግድግዳውም፣ እናንተም። አንቴናውን (ዲሹን ማዞር ካስቸገረ የውስጡን መቀበያ ብቻ አውጥታችሁ) ወደ ወፍራም ግድግዳ ወይም ወደ መሬት አዙሩት። እዚያ ያለው ሙቀት ወደ 300 ኬልቪን ነው። ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚያ ሕንፃና ዛፍ ወደሌለበት ሰማይ ቀና አድርጉት። በ1.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጥርት ያለ ሰማይ 10 ኬልቪን ቢሆን ነው። ቁጥሩን መዝግቡ። የግድግዳው ንባብ የሰማዩን 4 እጥፍ ከሆነ፣ የመሣሪያችሁ የራሱ ጫጫታ 87 ኬልቪን አካባቢ ነው ማለት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ 300 ሲደመር 87 ለ10 ሲደመር 87 ሲካፈል 4 ይመጣል። ሁለቱ ንባቦች እኩል ከሆኑ ደግሞ ማጉያው ሞቷል ወይም ኬብሉ አልተያዘም። እኛ ሁልጊዜ ኬብሉ ነበር።

አሁን ሚዛን አላችሁ። ሰማይን ስታዩ መሣሪያው 97 ኬልቪን ያነባል፣ ከዚያ ውስጥ 87ቱ የራሱ ነው። ካሲዮፒያ ኤ በዚህ ላይ ስንት ትጨምራለች? ከዲሹ ስፋት 60 በመቶው ቢሠራ፣ 2.7 ኬልቪን። ከመቶ ሦስት እንኳ አትሞላም። ለዚህች ነው ሌሊት የምታድሩት።

እኔ ያደርኩበትን ልንገራችሁ። ኅዳር ነበር፣ ካሲዮፒያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከፍ የምትልበት ወቅት። ከጓደኛዬ ጋር ጣሪያ ላይ ወጥተን፣ ጋቢ ለብሰን፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር እናያለን። ከመግሪብ ጀምሮ መስመሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ። አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ። ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ ለእህቱ ነገራት። መስመሩ ግን 2 ሰዓት አልፎም አልወረደም። 4 ሰዓት ላይም አልወረደም። ለካ ስንመለከተው ያመሸነው ማጉያው ነበር። ቀን ቆርቆሮ ላይ ሲጠበስ ይውላል፣ ሲመሽ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማጉላቱ በትንሹ ይጨምራል። ሁለት በመቶ ለውጥ ለሌላ ሥራ ምንም አይደለም፣ ለእኛ ግን አንድ ሙሉ የሱፐርኖቫ (የፈነዳ ኮከብ) ፍርስራሽ የሚያህል ነው።

ይህን ችግር ሮበርት ዲኪ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በ1946 መላ ዘይዶለታል። መሣሪያውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ በአንቴናውና ሙቀቱ በሚታወቅ ነገር መካከል እያቀያየረ ልዩነቱን ብቻ ያነባል። ማጉያው ቢዋዥቅ ሁለቱንም እኩል ያዋዥቃል፣ ልዩነቱ ይተርፋል። እናንተ ይህን ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ ማጉያውን በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት፣ በየጥቂት ደቂቃውም ወደ ግድግዳው እየተመለሳችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ዲሹን ካሲዮፒያ በምታልፍበት ቦታ አቁሙትና አትንኩት። ምድር ራሷ ታዞረዋለች። ከአንድ ሰዓት በላይ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ መስመሩ ጉብ ብሎ ይወርዳል። በማግስቱ ድገሙት። ጉብታው 4 ደቂቃ ቀድሞ ከመጣ እንኳን ደስ አላችሁ። በዚያው ሰዓት ከመጣ ግን ከጎረቤት ነው፣ ወይ ከቆርቆሮው።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ካሲዮፒያ ኤም ሲግነስ ኤም የሚታዩት በጋላክሲያችን ወገብ አቅጣጫ ነው፣ ወገቡ ራሱ ያበራል። የእናንተ ዲሽ ደግሞ በአንድ ጊዜ 5 ዲግሪ ገደማ ስለሚያይ ጀርባውን አብሮ ይሰበስባል። ስለዚህ "ምንጩ የሌለበት" ብላችሁ የምትቀንሱትን ቦታ በግራም በቀኝም ውሰዱ፣ 1,420 ሜጋኸርዝን ደግሞ ሽሹ፣ ሃይድሮጂን እዚያ ላይ ይጮኻል። ከአዳማ ስትሆኑ ካሲዮፒያ ኤ ወደ ሰሜን ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፣ ሲግነስ ኤ 58። ክራብ በጣም ከፍ ይላል። ኤም87 አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ለ3 ሜትር ዲሽ ደካማ ነው፣ ተዉት።

በነገራችን ላይ ካሲዮፒያ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት። የእነሱ "ኢትዮጵያ" የእኛዋ መሆኗ ብዙ ያከራክራል፣ ለላብራቶሪ ሪፖርት መግቢያ ግን ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። የአንቴናችንን ጥራት ስንፈትሽ በካሲዮፒያ ኤ ነው የምንፈትሸው። በእጄ ያለው ሠንጠረዥ በ1 ጊጋኸርዝ 2,720 ጃንስኪ ይላል፣ እናንተ 2,280 ትላላችሁ። የቱ ነው ስህተቱ? (ስሜ ይቆይ ያሉ)

ሁለቱም ልክ ናቸው። የእርስዎ ሠንጠረዥ የ1980 ነው፣ የእኛ የ2016። መሀል ላይ ካሲዮፒያ ራሷ ደክማለች።

ካሲዮፒያ ኤ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ናት። 11 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፣ የፍንዳታው ብርሃን እዚህ የደረሰው በ1600ዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን እንደሆነ ይገመታል። ለሰማይ ይህ ትናንት ነው። ፍርስራሹ አሁንም እየተነፋ ነው፣ ሲነፋ ይሳሳል፣ ሲሳሳ ይደበዝዛል። ሶቪየታዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሽክሎቭስኪ በ1960 በወረቀት አስልቶ "ይህ ነገር በዓመት 2 በመቶ መቀነስ አለበት" አለ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1961፣ ካምብሪጅ ላይ ሆግቦምና ሼክሻፍት የሚባሉ ተመራማሪዎች ሲለኩት እውነትም ይቀንሳል፣ ግን በዓመት 1 በመቶ አካባቢ። በ1 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከ1980 እስከ 2016 ያለውን ብንወስድ በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በአሮጌው ቁጥር ከፈተሹ አንቴናዎ ከእውነቱ ያነሰ ይመስልዎታል፣ 16 በመቶ ያህል። የፍተሻውን ሪፖርት የሚፈርም አለቃ ካለዎት ይህን ያሳዩት።

እዚህ ላይ "ታዲያ በምን እንመን?" ማለትዎ አይቀርም። የሚዛኑ ድንጋይ ራሱ የሚሟሽሽ ከሆነ ሌላውን በምን እንመዝናለን? በዲሽ በቀጥታ አስልቶ ማውጣት ከባድ ነው፣ ዲሽ ከሚወድቅበት ስንቱን እንደሚይዝ በትክክል አይታወቅምና። ግሪን ባንክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ በ1959 የሠሩት መፍትሔ ደስ ይለኛል። 36 ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት መለከት ሠርተው፣ ካሲዮፒያ በየቀኑ የምታልፍበትን አንድ ነጥብ እንዲያይ ተክለው ተዉት። አይዞርም፣ አይታዘዝም። ጥቅሙ ቅርጹ ቀላል መሆኑ ነው። መለከት ምን ያህል እንደሚሰበስብ ከልኩ ተነስቶ በሒሳብ ይወጣል፣ ማንንም ማመን አያስፈልግም። በእሱ ካሲዮፒያን ለኩ። በካሲዮፒያ ሌሎችን ለኩ። ዛሬ ባለሙያዎቹ ለዕለት ሥራ እንደ 3ሲ 286 ያሉትን ሩቅ ምንጮች ይመርጣሉ። 18 ጃንስኪ እንኳ አይሞላም፣ ደካማ ነው፣ ግን አይለዋወጥም። እርስዎ ግን አንቴናዎ ግዙፍ ካልሆነ እሱን አያዩትም፣ ስለዚህ ከካሲዮፒያ ጋር ይቆዩ፣ ዓመቱን ብቻ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ልጆቼ እንዲህ ያለ ነገር በዓይናቸው እንዲያዩ የት ልውሰዳቸው?

እህቴ፣ ከላይ የጠቀስኩት ግሪን ባንክ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱ ተራራ አለው፣ ቁርስ አብልተሽ ውጪ። የጃንስኪ አንቴና ቅጂ እዚያ ቆሟል። ግሮት ሬበር በ1937 ኢሊኖይ ውስጥ ቤታቸው አጠገብ በራሱ ገንዘብ የሠራው ዲሽም እዚያው አለ። አካባቢው ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ጸጥታ የታወጀበት ስለሆነ ስልካችሁ ሲግናል አያገኝም። ካርታውን ቀድመሽ አውርጂ፣ ልጆቹንም ቀድመሽ አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ ጨረቃ ላይ አንድ ሞባይል ቢኖር ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ያየዋል ይባላል። እውነት ነው? (ከደሴ)

እውነት ነው፣ አስልቼዋለሁም። 1 ዋት የሚለቅ የድሮ ሁለተኛ ትውልድ ስልክ እንውሰድ፣ ጉልበቱን 200 ኪሎኸርዝ ውስጥ ጨምቆ የሚለቀውን። ከ384 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲደርሰን 270 ጃንስኪ ገደማ ነው። በዚያች ጠባብ ክልል ውስጥ ከኤም87 ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፣ ከ3ሲ 286 ደግሞ 15 እጥፍ ይበልጣል። አሁን ይህን ስልክ ከጨረቃ አንሱና ቴሌስኮፑን ሊጎበኝ በመጣ ተማሪ ኪስ ውስጥ አድርጉት።